«በግል ጉዳይ ምክንያት አይሰለፍም»

በየካቲት 2005 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የስፖርት ፕሮግራም አዘጋጅ ነበርኩ። ደቡብ አፍሪካዊው ሯጭ ኦስካር ፒስቶሪየስ ፍቅረኛውን በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ተኩሶ መግደሉ በተሰማ ማግስት፣ ከውጭ ድረ ገጾች ያገኘሁትን ተርጉሜ አምስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ዘገባ አዘጋጀሁ። ገና በ11 ወሩ ሁለት እግሮቹ ከጉልበት በታች መቆረጣቸውን፣ ከካርቦን በተሠሩ ሰው ሠራሽ እግሮች እየሮጠ በለንደኑ የ2012 ኦሊምፒክ በ400 ሜትር ግማሽ ፍጻሜ መድረሱን፣ ሁለቱንም እግሮቹን አጥቶ በኦሊምፒክ ሩጫ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው መሆኑን፣ ስፖንሰሮቹም ሊሸሹት እንደሚችሉ፣ ሁሉንም በዝርዝር አስገባሁ። ሥራዬን በሚገባ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ማታ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደሚገኘው የአክስቴ ቤት ስገባ ቡና ተፈልቶ ደረስኩ። አክስቴ ፕሮግራሜ አያመልጣትም ነበር፤ የምትሰማው ግን ኳስ ወዳ ሳይሆን የወንድሟን ልጅ ድምፅ ለመስማት ነው። ቶናውን እየቀዳች፣ «ልጅቱ ስም የላትም እንዴ?» አለችኝ። የምመልሰው ስላጣሁ ዝም አልኩ። እሷም፣ «የሱን እግር ከልጅነቱ ጀምረህ ነገርከን፤ የሞተችው ማን እንደሆነች ግን አልነገርከንም» ብላ ስኒውን አቀበለችኝ።

በማግስቱ ጽሑፌን መልሼ ሳነበው ሟቿን የጠራኋት «ፍቅረኛው» እያልኩ ብቻ ነበር። ሪቫ ስቴንካምፕ ትባላለች፤ 29 ዓመቷ ነበር፤ ሕግ ተምራ የተመረቀችና በሞዴልነት የምትሠራ ሴት ነበረች፤ በተገደለችበት ዕለት ጆሃንስበርግ በሚገኝ ትምህርት ቤት ለተማሪዎች ንግግር ልታደርግ ቀጠሮ ነበራት። ይህ ሁሉ እኔ በተረጎምኳቸው ድረ ገጾች ላይ ተጽፎ ነበር። ያለፍኩት ስላላገኘሁት ሳይሆን «ይህ ስፖርት አይደለም» ብዬ ነው። የሰውዬው ሜዳሊያ ስፖርት ነው፤ የስፖንሰሮቹ መሸሽም ስፖርት ነው፤ የሟቿ ማንነት ግን ለእኛ ክፍል የማይመለከተው ሆኖ ታየኝ።

ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ሄደ። በ2014 እ.ኤ.አ. በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባለ፤ በታኅሣሥ 2015 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ጥፋቱን ወደ ነፍስ ግድያ ለወጠው፤ በ2017 ቅጣቱ ወደ 13 ዓመት ከ5 ወር ከፍ አለ፤ በጥር 2024 በአመክሮ ወጣ። ዜናውን በየጊዜው ስከታተል በአማርኛ የሰማኋቸው አብዛኞቹ ዘገባዎች የሚጀምሩት እኔ በጀመርኩበት መንገድ ነበር፤ «የቀድሞው ኮከብ» ብለው።

አክስቴ ከጠየቀችኝ ቀን ጀምሮ በስፖርት ቋንቋችን ላይ ጆሮዬን መጣል ጀመርኩ። «አወዛጋቢ» የሚል ቃል አለን። ሉዊስ ሱዋሬዝ በ2014 የዓለም ዋንጫ ጣሊያናዊውን ኬሊኒን ነክሶ ለአራት ወራት ሲታገድ አወዛጋቢ አልነው። ከዳኛ ጋር የሚጨቃጨቀውንም፣ ልምምድ አርፍዶ የሚመጣውንም አወዛጋቢ እንላለን። ቦክሰኛው ማይክ ታይሰን በ1992 እ.ኤ.አ. የ18 ዓመት ወጣት በመድፈር ተፈርዶበት ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከእስር ወጥቷል፤ እርሱንም ያው አወዛጋቢ እንለዋለን። የተፈረደበት ወንጀልና የቡጢ መድረክ ላይ የተፈጸመ ንክሻ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ አድማጩ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ያስቀምጣቸዋል። ታይሰን በግጥሚያ ላይ የተጋጣሚውን የሆሊፊልድን ጆሮ መንከሱን ደሴ ፒያሳ ላይ ብትጠይቁ የማያውቅ አታገኙም፤ ታይሰን ለምን እንደታሰረ ስጠይቅ ግን «ከሰው ተጣልቶ» ያሉኝ ሰዎች አሉ። እንዲህ እንዲያውቁ ያደረግናቸው እኛ ነን፤ እኔም በፕሮግራሜ ታሪኩን ባወሳሁ ቁጥር ለእስሩ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ለመመለሱ ደግሞ ሙሉ ክፍል እሰጥ ነበር።

በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቹ ሬይ ራይስ እጮኛውን አንድ ሆቴል ሊፍት ውስጥ በቡጢ መትቶ ጣላት። ራሷን ስታ ከሊፍቱ ሲጎትታት የሚያሳየው ምስል በቀናት ውስጥ ወጣ፤ ስለዚህ የሆነውን ያላወቀ አልነበረም። ሊጉ ግን ሐምሌ ላይ የሁለት ጨዋታ ቅጣት ጣለበት። አንድ ዝነኛ የቴሌቪዥን የስፖርት ተንታኝም ሴቶች እንዲህ ያለውን ነገር ከመቀስቀስ ሊጠነቀቁ ይገባል የሚል ሐሳብ ተናግሮ በጣቢያው ለአንድ ሳምንት ታግዷል። መስከረም 8 እ.ኤ.አ. ቡጢው ራሱ የሚታይበት ሁለተኛው ምስል ወጣ፤ በዚያው ዕለት ክለቡ አሰናበተው፤ ከዚያ በኋላም በሊጉ ዳግም አልተጫወተም። በሁለቱ ምስሎች መካከል ባሉት ወራት ጥፋቱ አልጨመረም፤ ያው አንድ ቡጢ ነው። የጨመረው የተመልካቹ ማየት ብቻ ነው። የስፖርት ጋዜጠኛ ሥራ ደግሞ ተመልካቹ ምስሉን ከማየቱ በፊት ምን እንደተፈጸመ በትክክለኛ ቃል መናገር ነበር፤ «የዲሲፕሊን ችግር» ወይም «ከሜዳ ውጪ የተፈጠረ ክስተት» ማለት ይህን አያሟላም።

ይህን የምለው ስፖርት ሚዲያው መቆጣት የማይችል ሆኖ አይደለም። አበረታች መድኃኒት ሲሆን እንዴት እንደምንቆጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ ኢትዮጵያዊ ሯጭ በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሦስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል፤ የሀገር ስም ሲነሳ ማይክሮፎን የያዘ ሁሉ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ቁጣ አስፈላጊ ነው እላለሁ፤ ምንም እንኳ መርፌውን ማን እንደሸጠና ማን እንዳዘዘ ሳይጠየቅ የሃያ ዓመት ልጅ ብቻውን መዋረዱ ሁልጊዜ ቢያሳዝነኝም። ነገር ግን ልዩነቱን ተመልከቱ። ሰዓትን ወይም ውጤትን የሚያበላሽ ጥፋት ሀገራዊ ውርደት ይባላል፤ የሰው አካል የሚሰብር ጥፋት «የግል ጉዳይ» ይባላል። የምንመዝነው ጨዋታው የጎደለበትን ነው፤ ሰው የጎደለበትን አይደለም።

«የግል ጉዳይ» የሚለውን ሐረግ እኔ ራሴ ተጠቅሜበታለሁ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ዓመታት የፈጀብኝም በዚህ ምክንያት ነው። በአካባቢያችን ካሉ ክለቦች የአንዱ አጥቂ፣ ቡድኑ በተሸነፈበት ምሽት አንድ ቡና ቤት ውስጥ የምትሠራን ልጅ ደበደበ። ብርጭቆ ተሰበረ፤ እሷም ተጎዳች፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። እኔ በሦስተኛው ቀን ከቡድኑ ጋር በአንድ አውቶቡስ ወደ ወልዲያ እየተጓዝኩ ነበር፤ ጣቢያችን የመጓጓዣ በጀት ስላልነበረው ከሜዳ ውጪ ላሉ ጨዋታዎች የምሄደው በክለቡ አውቶቡስ፣ የምበላውም በክለቡ ምሳ ነበር። ሐይቅን አልፈን ወደ ውጫሌ ስንቃረብ አሠልጣኙ ከፊት መቀመጫው ተነሥቶ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አብሽር፣ ነገሩ በሽምግልና አልቋል፤ ልጁ ገና ለጋ ነው፣ እንዳታበላሸው» አለኝ። አብሽር በእኛ ሀገር ያዘነን ሰው የምናጽናናበት ቃል ነው፤ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ግን ዝም ማሰኛ ሆነ። ማታ በሬዲዮ ያነበብኩት፣ «አጥቂው በግል ጉዳይ ምክንያት በዛሬው ጨዋታ አልተሰለፈም» የሚል ነበር።

ሽምግልና የተባለው ከቡና ቤቱ ባለቤት ጋር የተደረገ ስምምነት መሆኑን በኋላ አወቅሁ፤ ለተሰበሩት ብርጭቆዎች ተከፈለ፣ ልጅቷ አልተጠራችም። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህ ሽምግልና እንዳልሆነ ያውቃል። ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቁት አበጋሮች፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ተቀምጦ በሚመክርበት ሥርዓት፣ አስቀድመው የሚለምኑት የተበደለውን ቤት ነው፤ በዳዩ ጥፋቱን ሳያምን፣ ተበዳዩም «ይቅር» ሳይል እርቅ አይወርድም። እኛ ከዚያ ሥርዓት ስሙን ብቻ ወስደን ለክለቡ ሰጠነው።

በእኔ ዜና ላይ የነበረው ጉዳት ደግሞ በመደበቅ አላበቃም። ደጋፊው አጥቂው ለምን እንዳልተሰለፈ አልተነገረውምና ራሱ መልስ ፈለገ፤ ቡድኑ ወልዲያ ላይ ነጥብ ሲጥል ምክንያቱ «አንዲት የቡና ቤት ልጅ» ሆነች። ወደ ሥራ ቦታዋ እየሄዱ የሰደቧት ነበሩ። እውነቱን ብናገር ኖሮ ቢያንስ ማን ማንን እንደጎዳ ያውቁ ነበር።

ለምን ዝም እንዳልኩ ሲጠይቁኝ «ፈርቼ» ብል ሙሉ አይሆንም። አብሬ እጓዛለሁ፤ አብሬ እበላለሁ፤ ነገ ቃለ መጠይቅ እፈልጋለሁ። ይህ በትልቁ ዓለምም ያው ነው። ላንስ አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የቱር ደ ፍራንስን ብስክሌት ውድድር በተከታታይ ሰባት ጊዜ ሲያሸንፍ፣ የአየርላንዱ ጋዜጠኛ ዴቪድ ዎልሽ ከመጀመሪያው ጀምሮ አበረታች መድኃኒት ይወስድ እንደሆነ ጥያቄ ያነሳ ነበር። በ2004 ውድድር ላይ በአንድ መኪና አብረውት ሊጓዙ የነበሩት የሙያ ባልደረቦቹ፣ እርሱ ካለ የአርምስትሮንግ ቡድን አያናግረንም በሚል ከመኪናቸው እንዲቀር ጠየቁት። ጋዜጣው ሰንደይ ታይምስም ተከስሶ በ2006 ለአርምስትሮንግ ገንዘብ ከፍሎ ነበር። የአርምስትሮንግ ድሎች የተሰረዙት በ2012 ነው፤ በ2013 ራሱ አመነ፤ ጋዜጣውም ገንዘቡን አስመለሰ። ስለዚያ መኪና ያነበብኩ ቀን የወልዲያው አውቶቡስ ትዝ አለኝ፤ እኔ ያላደረግሁትን ያደረገ ሰው መኖሩን ማወቅ አሳፈረኝ።

ይህን ሁሉ ስል አንድ ነገር መለየት ግድ ይላል። የተከሰሰ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። የቀድሞው የማንችስተር ሲቲ ተጫዋች ቤንጃሚን ሜንዲ በነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. በአስገድዶ መድፈር ተከስሶ በ2023 በጥርና በሐምሌ በተሰጡ ውሳኔዎች ከሁሉም ክሶች ነጻ ወጥቷል፤ በመካከሉ ክለቡ ደመወዙን አቁሞበት ነበር፤ በኅዳር 2024 የሥራ ጉዳይ ችሎት አብዛኛው እንዲከፈለው ወስኗል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት «ደፋሪው» እያሉ በአማርኛ ያወሩ ነበሩ። ይህም በደል ነው። «ተጠረጠረ»፣ «ተከሰሰ»፣ «ተፈረደበት» የሚሉት ቃላት በቋንቋችን ውስጥ አሉ፤ እያንዳንዳቸው ቦታ አላቸው፤ በቦታቸው ማስቀመጥ ደግሞ የሕግ ዲግሪ አይጠይቅም። ፍርድ ቤት እስኪወስን መጠንቀቅ አንድ ነገር ነው፤ የሆነውን «የግል ጉዳይ» ብሎ መሸፈን ሌላ ነው። እኔ በዚያች ምሽት ያደረግሁት ሁለተኛውን ነው።

ልጅቷን ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ አገኘኋት። የራሷን ትንሽ ምግብ ቤት ከፍታለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ድምፄን ቀድማ አውቃው ነበር፤ ዜናውንም ያን ዕለት ማታ ተኝታ ሰምታዋለች። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ታሪኩን ልጻፍ እንደሆነም ጠየቅኋት። አክስቴ ስለ ስም ያለችኝ በልቤ ስለነበረ ስሟን ማስገባት እንደምፈልግ ነገርኳት። እሷ ግን፣ «ስሜ ይቅር፤ ልጆች አሉኝ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እጄን ግን ጻፍልኝ ወንድሜ፤ ያኔ እሱን ነው ያላነበባችሁት» አለች።

የግራ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ለስድስት ሳምንት በጀሶ ታስሮ ቆየ፤ በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ደመወዝ አልተከፈላትም፤ አጥቂው በሦስተኛው ጨዋታ ተሰልፏል።