የዘገየው ነጥብ

ፊዚክስ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ቴሌስኮፕ የለውም። ግን ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ አንድ ባይኖኩላርና ነጭ ወረቀት ይበቃናል። አንዱን ዓይኑን በክዳኑ ዘግተን ሌላውን ወደ ፀሐይ እናዞረዋለን፤ ምስሏ ከኋላ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። በባይኖኩላሩ አጮልቆ ማየት ክልክል ነው፣ ዓይን ያጠፋል፤ ይሄን በደንብ ሳላስጠነቅቅ ለማንም አልሰጥም።

ተማሪዎቹ ፀሐይ ላይ ያሉትን ጥቁር ነጥቦች በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት በእርሳስ ይገለብጣሉ። ሰዓቱ ከተቀያየረ ምስሉ ዘንበል ስለሚል ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። ቀናት ሲያልፉ ነጥቦቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ሲጓዙ ይታያል። ፀሐይ በዛቢያዋ ላይ እየዞረች ነው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ የሁለት ቡድን ሥራ አልገጥም አለ። አንደኛው ፀሐይ ወገብ አጠገብ ያለ ነጥብ ይከታተላል፣ ሌላው ወደ ዋልታው ራቅ ያለውን። ጎን ለጎን የጀመሩት ነጥቦች ከሳምንት በላይ ሲቆዩ የራቀው ወደ ኋላ ቀረ። አብሮኝ የሚሠራ መምህር ወረቀቱን አየና «ይሄ በደንብ አልተሣለም፤ አጥፉና ከእነዚያ ገልብጡ» አላቸው። ማርክ ማስገቢያው ደርሶ ስለነበር ቸኩሏል። ልጅቷ ላጲሷን ስታነሳ «ቆይ፣ እንዳትነኪው!» አልኳት።

ያ የዘገየ ነጥብ እኮ ትልቁ ግኝታቸው ነበር! ፀሐይ እንደ መሬት ጠጣር አይደለችም፣ ፕላዝማ (እጅግ የጋለ ጋዝ መሰል ነገር) ናት፤ ስለዚህ ሁሉም ቦታ እኩል አይዞርም። ወገቧ አንድ ዙር በ25 ቀን ገደማ ይጨርሳል፣ ዋልታዋ አካባቢ ግን 35 ቀን ገደማ ይፈጃል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ሪቻርድ ካሪንግተንም ከ1853 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. እንዲሁ የፀሐይን ምስል እያሳረፈ ነጥቦቹን ሲለካ ነው ይሄንን በቁጥር ያሳየው። አልገጥም ያለውን ቢያጠፋው ኖሮ ምን ሊያገኝ ነበር? እኔም ከዚያ ወዲህ ያልገጠመ ነጥብ አላስጠፋም፤ ከጎኑ ሰዓቱን አስጽፍና ለምን እንደሆነ እንነጋገርበታለን።

መምህሩ ሁለቱን ወረቀቶች ደራርቦ መስኮት ላይ አያቸውና ማርኩን ሰጣቸው። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። «ቲቸር፣ ውስጧስ እንደዚሁ ነው የሚዞረው?» አለችኝ። አይደለም። ሳይንቲስቶች የፀሐይን ገጽ የሚያርገበግበውን የድምፅ ሞገድ አጥንተው እንዳወቁት፣ ወደ ጥልቁ ሲገባ ልዩነቱ ይጠፋና ልክ እንደ ጠጣር አካል አንድ ላይ ይዞራል።