ደረጃው ሥር የቀሩት

ሥራዬ ጥናት ነው። ሰዎች በሰፈራቸው ውስጥ በእግር፣ በብስክሌት፣ በዊልቸር እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ እናጠናለን። ወረቀት ላይ «አካታችና ሞተር አልባ ትራንስፖርት» ይባላል። መስክ ላይ ግን የምናየው እግር፣ ጎማና ከዘራ ነው።

ነገሩ ሲሆን የመስክ ቡድኑ አስተባባሪ ነበርኩ። ባለ አራት ሌይን መንገድ ላይ ያለ አንድ ዜብራ እንድናጠና ተሰጠን። በሁለቱም ጫፍ መረጃ ሰብሳቢዎች አቆምኩ። ሁለት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ቆጠሩ። ቅጹ ላይ ለልጅ፣ ለወጣት፣ ለአረጋዊ፣ ለባለ ክራንች፣ ለዊልቸር፣ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋ ለየብቻቸው ዓምድ አለ። የአረጋውያኑ ዓምድ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው። የዊልቸሩ ደግሞ ጭራሽ ባዶ ነው።

ቁጥሩን ሁለቴ አመሳከርኩት። ልክ ነው። ረቂቁ ላይም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አረጋውያንና ዊልቸር ተጠቃሚዎች ይህን ማቋረጫ እምብዛም አይጠቀሙበትም፤ ስለዚህ ማሻሻያው ቅድሚያ የሚሰጠው አይደለም።» ከ«ስለዚህ» በኋላ ያለውን ሳስታውሰው ዛሬም ይቆጨኛል።

ውጤቱን ለነዋሪው የምናቀርብበት ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰፊ ነው፣ ፕሮጀክተር አለው ብዬ። ገለጻዬን ልጀምር ስል ጥበቃው ገብቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ታች ሰዎች አሉ። ስብሰባው ላይ ተጠርተናል ይላሉ።»

«ታዲያ ለምን አይወጡም?»

ትንሽ አየኝና «በምን ይውጡ?» አለኝ።

ወረድኩ። ደረጃው ሥር ሦስት ሰዎች አሉ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው የተደገፉ እናት፣ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ወጣት፣ ልጇን በጋሪ የያዘች ሴት። እናትየው ናቸው ቀድመው የተናገሩት።

«ልጄ፣ ስለ መንገዱ ነው አሉ የምትነጋገሩት። እኔ እኮ ያን መንገድ ከተሻገርኩ ሁለት ዓመቴ።»

«ለምን እማማ?»

«መብራቱ አይጠብቀኝማ።»

ወጣቱ ቀጠለ። «እኔን ደግሞ ከርብ ስቶኑ፣ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ነው የሚያቆመኝ። ማዶ ያለው ራምፕ፣ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት የለውም። ስለዚህ ከዜብራው ወረድ ብዬ፣ መኪና ከሚወጣበት በር ጋ፣ ከመኪና ጋር እየተጋፋሁ ነው የምሻገረው።» በዚያ በኩል ዜብራ የለም። ቆጣሪዎቼም እዚያ አልነበሩም።

ወንበሮቹን አውርደን ስብሰባውን ግቢው ውስጥ አደረግነው። በማግስቱ ጠዋት ከእማማና ከወጣቱ ጋር ወደ መንገዱ ሄድን።

መሻገሪያው ስፋቱ 14 ሜትር ነው። አረንጓዴው ለእግረኛ የሚበራው 12 ሰከንድ ነው። እማማን መኪና መሐል ማስገባት አልፈለግኩም። እግረኛ መንገዱ ላይ ሜትር ዘርግቼ 14 ሜትር ለካሁና በጠመኔ አሰመርኩ። «እንደ ልማድዎ ይራመዱ፣ አይቸኩሉ» አልኳቸው። ከዘራው ይቀድማል፣ ቀኝ እግር ይከተላል፣ ግራው ይሳባል። ስልኬ ላይ 12 ሰከንድ ሲሞላ ስምንት ሜትር ተኩል አልሞሉም። መንገዱ ላይ ቢሆን ሦስተኛው ሌይን መሐል ናቸው፣ መኪናዎቹ ደግሞ ሊነሱ ነው። ሲጨርሱ 20 ሰከንድ ሆነ።

12 ሰከንዱ ከየት መጣ? እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ከሚለው በብዙ አገር ከተለመደው ስሌት ነው። 14ን ለ1.2 ማካፈል ነው። ግን የማን እርምጃ ነው? በእንግሊዝ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አማካዩን ለወንዶች 0.9፣ ለሴቶች 0.8 ሜትር በሰከንድ አግኝቶታል። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የትራፊክ ምልክቶች መመሪያ 1.2 የነበረውን ወደ 1.07 ገደማ ዝቅ አድርገውታል። ሲንጋፖር በዚያው ዓመት፣ አረጋውያን ካርዳቸውን መብራቱ ምሰሶ ላይ ሲያስነኩ አረንጓዴው የሚረዝምበትን ዘዴ ጀመረች። ይህን ሁሉ ቀድሜ አንብቤዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ውሳኔ ሲሰጥ እነርሱን ማማከር ግዴታ መሆኑንም የሪፖርቱ መግቢያ ላይ ጠቅሼዋለሁ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል እንደሚባለው ነው፤ ጠቅሼ አለፍኩት።

የከርብ ስቶኑን ከፍታም ለካን። 15 ሳንቲሜትር። በተለመደው የአንድ ለአሥራ ሁለት ተዳፋት፣ ማለትም ለአንድ ሳንቲሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሳንቲሜትር ርዝመት ተሰጥቶት ቢሠራ 1.8 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ ነው የሚያስፈልገው። የአንድ ሰው ቁመት ያህል ኮንክሪት ማለት ነው። ወጣቱ ይህ ስለሌለ ነው በየቀኑ ከመኪና ጋር የሚጋፋው።

እማማ ደግሞ ምን እንደሚያደርጉ ነገሩኝ። ጤና ጣቢያው ማዶ ነው፤ ከቤታቸው ደጃፍ ይታያል። ቀጠሮ ሲኖራቸው ጎረቤት በመኪና ያዞራቸዋል። 14 ሜትር ለመሻገር መኪና ይነሳል! የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው፣ አረጋዊም ቢሆን፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። እማማ ሲሻገሩ በነበረ ጊዜ በየቀኑ ወጣ ብለው እግራቸውን ያፍታቱ ነበር። አሁን ግቢያቸው ውስጥ ናቸው። ስለ ብክለትና ስለ ጤና ስንት ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያን ጠዋት ግን የገባኝ ቀን የለም።

ቢሮ ተመልሼ ዓረፍተ ነገሩ ይውጣ አልኩ። አለቃዬ «ቁጥሩ ትክክል ነው እኮ» አለኝ። «ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው» አልኩት። የቆጠርነው መሻገር የቻለውን ብቻ ነው። አልቻልኩም ብሎ ቤቱ የቀረ ሰው ምንም ዓይነት ቅጽ ላይ አይገባም። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ ተጨማሪ ሳምንት ፈቀደልኝ።

በዚያ ሳምንት ዜብራው ላይ አልቆምንም። ቤት ለቤት ሄድን። ጥያቄውንም ቀየርነው። ድሮ «ባለፈው ሳምንት የት ሄዱ?» ነበር የምንለው። አሁን «የት መሄድ ፈልገው ቀሩ?» አልን። መልሱ ይጎርፍ ጀመር። ጤና ጣቢያ፣ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት፣ ማዶ ያለች የልብ ጓደኛ። አንድ ዓይነ ስውር መምህር «መብራቱ ድምፅ የለውም፤ እኔ የምሻገረው የሌላ ሰው ኮቴ ሰምቼ ነው፤ ሰው ከሌለ እቆማለሁ» አሉን። ዓይነ ስውራንን የሚመራው፣ በእግር የሚዳሰሰው ንጣፍ ጃፓን ኦካያማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። እኚህ ሰው ግን ዛሬም ኮቴ ይጠብቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ከመጀመሬ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን በር አንኳኳለሁ። ስብሰባ የምጠራው ደግሞ ምድር ቤት ብቻ ነው፤ ያውም መግቢያውን ራሴ ሄጄ አይቼ።

አረንጓዴው አሁን 20 ሰከንድ ሆኗል። የበራ ዕለት እማማ ክንዴን ይዘው ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ ዞር ብለው መብራቱን አዩት። ምንም አላሉም፤ ክንዴን ጠበቅ አደረጉት እንጂ።

ራምፑ ግን እስካሁን አልተሠራም። ወጣቱ ዛሬም በዚያ በር በኩል ነው የሚሻገረው። ሦስተኛውን ደብዳቤ ባለፈው ሰኞ አስገብቻለሁ። 1.8 ሜትሩን ከነንድፉ አያይዤዋለሁ።