ከሮማ ቬኔዚያ በባቡር፦ መንገደኛ የሚሳሳተው የት የት ላይ ነው?

ፌርማታ፣ ቦርሳ፣ ጎማ፣ ፎርማጆ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖ፣ ባኞ፣ ፒያሳ። አማርኛ ተናጋሪ ጣልያን ሲገባ ይህን ሁሉ ቃል ከቤቱ ይዞ ነው የሚገባው፤ በሌላ የአውሮፓ አገር ይህን ያህል ስንቅ አይገኝም። ከነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ ግን እዚያ ሲደርሱ ትርጉማቸው ሸርተት ይላል። ሮማን፣ ፊሬንዜን (ፍሎረንስን) እና ቬኔዚያን (ቬኒስን) በባቡር ለማየት ለተነሣ ሰው፣ ከቃሉም ከባቡሩም በኩል የሚያደናቅፉትን ነገሮች ልዘርዝር።

መጀመሪያ ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ መውጣት ነው። ከአንዱ ጣቢያ ሁለት ዓይነት ባቡር ይነሣል። ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ የሮማ ዋና ጣቢያ የሆነው ቴርሚኒ ያደርሳል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ሌላው ኤፍኤል1 ተብሎ የተጻፈበት ሲሆን 8 ዩሮ ነው፤ በትራስቴቬሬ፣ በኦስቲየንሴና በቲቡርቲና ያልፋል፣ ቴርሚኒ ግን አይገባም። ስሕተቱ በሁለቱም በኩል ይመጣል፦ አንዱ የ8 ዩሮውን ትኬት ይዞ ሌዮናርዶ ላይ ይሳፈርና ይቀጣል፣ ሌላው በኤፍኤል1 ተቀምጦ ቴርሚኒን ሲጠብቅ ከተማውን ዞሮ ያልፋል። ማረፊያችሁ ትራስቴቬሬ አካባቢ ከሆነ ርካሹ ባቡር ነው የሚሻለው። በጣቢያ ውስጥ የትኬት ማሽኑ አጠገብ ቆሞ "ላግዛችሁ" የሚል ሰው መጨረሻ ላይ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በትሕትና አመስግናችሁ ራሳችሁ ንኩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚቀጣበት ነገር፦ ትኬት ማስመታት። ሬጆናሌ የሚባሉት የክልል ባቡሮች ትኬት የወንበር ቁጥር የለውም፣ ለአንድ ባቡር ብቻም አልተወሰነም። ስለዚህ የወረቀት ትኬት ካልተመታበት ነገም ተመልሶ ሊሠራ ይችላል፤ ተቆጣጣሪው ያልተመታ ትኬት ሲያይ የሚያስበው ይህንን ነው። በመድረኩ መግቢያና በመድረኩ ላይ አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸው ትንንሽ ሣጥኖች አሉ። ከመሳፈራችሁ በፊት ትኬቱን ታስገባላችሁ፣ ድምፅ ያሰማል፣ ስታወጡት ቀኑና ሰዓቱ መታተሙን በዓይናችሁ ታረጋግጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ለ4 ሰዓት ይሠራል። ቀለሙ አልቆ ባዶውን ከወጣ ወይም ማሽኑ ከተበላሸ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የጣቢያውን ስም በእስክሪብቶ ጻፉበትና ተቆጣጣሪውን እሱ ሳይመጣ እናንተ ሄዳችሁ ንገሩት። ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ያስቀጣል። በስልክ የተገዛ የክልል ትኬትም እስከ 2025 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከመሳፈር በፊት "ቼክ ኢን" ይፈልግ ነበር።

ፈጣኖቹ ባቡሮች ሌላ ሥርዓት አላቸው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የፉርጎውና የወንበሩ ቁጥር ትኬቱ ላይ ስላለ ማስመታት አያስፈልግም። እዚህ ያለው ወጥመድ ኩባንያው ነው። ከሮማ ፊሬንዜ፣ ከፊሬንዜ ቬኔዚያ ሁለት ድርጅቶች ይሠራሉ፦ የመንግሥቱ ትሬኒታሊያ ፍሬቻሮሳ በሚባለው ባቡሩ፣ እና ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የግሉ ኢታሎ። ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ወደ አንድ ከተማ በደቂቃዎች ልዩነት ሊነሡ ይችላሉ፣ የአንዱ ትኬት ግን በሌላው አይሠራም። ርካሹን ትኬት የገዛ ሰው ባቡሩ ካመለጠው ገንዘቡ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ በአውሮፕላን በምትገቡበት ቀን ርካሹን የፈጣን ባቡር ትኬት አትቁረጡ፤ በረራው አንድ ሰዓት ሲዘገይ ያተረፋችሁት ሁሉ ይጠፋል።

ሰሌዳው ላይ ደግሞ "ፍሎረንስ" የሚል ስም የለም። የተጻፈው ፊሬንዜ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ሰሌዳው በትልቁ የሚያሳየው የባቡሩን የመጨረሻ መድረሻ ነው። ከሮማ ፊሬንዜ የምትሄዱበት ባቡር "ሚላኖ"፣ "ቶሪኖ" ወይም "ቬኔዚያ" ሊል ይችላል። የከተማ ስም ከመፈለግ ትኬቱ ላይ ያለውን የባቡር ቁጥር ፈልጉ። ፓርቴንሴ ማለት መነሻ፣ አሪቪ ማለት መድረሻ፣ ቢናርዮ ማለት የመድረክ ቁጥር፣ ሪታርዶ ማለት የዘገየበት ደቂቃ ነው። በወረቀት የተለጠፉት ሰሌዳዎችም በቀለም ይለያሉ፦ ቢጫው የመነሻ፣ ነጩ የመድረሻ። ነጩን አንብቦ ሌላ መድረክ ላይ የሚጠብቅ ሰው ሁልጊዜ አለ።

ፊሬንዜ ስትደርሱ የምትወርዱት ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ነው፤ ሪፍሬዲና ካምፖ ዲ ማርቴ የዚያው ከተማ ሌሎች ጣቢያዎች ናቸው። ኖቬላ ሐዲዱ የሚያልቅበት ጣቢያ ስለሆነ ወደ ቬኔዚያ የሚቀጥል ባቡር በመጣበት በኩል ተመልሶ ይወጣል። ወደ ፊት ይመለከት የነበረ መንገደኛ በድንገት ወደ ኋላ ሲጓዝ "ወደ ሮማ እየመለሱን ነው" ብሎ ሻንጣውን ያወርዳል። አይደለም፤ ባቡሩ አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ መንገዱን አልሳተም።

ሾፔሮ የሚል ቃል ካያችሁ የሥራ ማቆም አድማ ነው። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት በኛ አቆጣጠር፣ የክልል ባቡሮች በሕግ የተጠበቀ አነስተኛ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ጉዞውን ወደዚያ ማዛወር ነው።

ወደ ቡናው እንምጣ። ጣልያን ቡና ቤት ገብታችሁ "ማኪያቶ" ብትሉ የሚመጣው የአዲስ አበባው አይደለም። ቃሉ "ነጠብጣብ ያረፈበት" ማለት ነው፤ የሚሰጧችሁ በሁለት ጉንጭ የሚያልቅ ኤስፕሬሶ ሲሆን ላዩ ላይ ጠብ ያለ የወተት አረፋ አለበት። የኛን ነጣ ያለ ማኪያቶ የሚቀርበው ካፑቺኖ ነው። "ላቴ" ብቻ ካላችሁ ቡና የሌለው ወተት ይመጣል። ብዙ ቦታ መጀመሪያ "ካሳ" (ገንዘብ መቀበያው) ላይ ከፍላችሁ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ባንኮኒው ትሄዳላችሁ፤ ቆሞ መጠጣትና ተቀምጦ መጠጣት ዋጋቸው የተለያየ ነው፣ በታወቁ አደባባዮች ልዩነቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ቡና ቀጂው "ካልዶ ወይስ ፍሬዶ?" ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ካልዶ ትኩስ ነው፣ ፍሬዶ ቀዝቃዛ። ይህችን ቃል ያዟት፣ ማታ ሻወር ቤት ታስፈልጋችኋለች። በእንግሊዝኛ የለመደ ሰው ቧንቧው ላይ "ሲ" ሲያይ ቀዝቃዛ መስሎት ይከፍተዋል፤ የካልዶ የመጀመሪያ ፊደል ስለሆነ የሚወርደው የፈላ ውኃ ነው። ከሻወሩ አጠገብ የተንጠለጠለው ገመድም የመብራት ማብሪያ አይደለም፤ የወደቀ ሰው እርዳታ የሚጠራበት ደወል ነው፤ ከሳባችሁት እንግዳ ተቀባዩ በር ያንኳኳል። "ባኞ" ደግሞ እኛ ገንዳውን እንልበታለን፣ እነሱ ግን ክፍሉን፣ ሽንት ቤቱንም ጭምር። ምግብ ቤት ውስጥ "ባኞ የት ነው?" ማለት ትክክለኛው አጠያየቅ ነው።

ለጾመኛ፦ ፒዛ ማሪናራ ስሟ ባሕር ባሕር ቢሸትም ዓሣ የለባትም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና የወይራ ዘይት ብቻ ናት፣ ፎርማጆም የለባትም። የደረቅ ፓስታ በተለምዶ ከስንዴና ከውኃ የተሠራ ሲሆን "አሉዎቮ" የተባለው ግን እንቁላል አለበት። "ፔፔሮኒ" ብላችሁ ያዘዛችሁት ፒዛ የሥጋ ሳይሆን የጣፋጭ ቃሪያ ነው። ሒሳቡ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሁለት ዩሮ "ኮፔርቶ" ተብሎ ቢጨመር የመቀመጫ ክፍያ ነው፤ ስሕተት የለበትም።

ቬኔዚያ ስትቃረቡ ባቡሩ መጀመሪያ ቬኔዚያ ሜስትሬ ላይ ይቆማል። "ቬኔዚያ" የሚለውን ሰምቶ የወረደ ሰው ውኃም ጎንዶላም አያይም፤ ሜስትሬ ደረቅ መሬት ላይ ያለ ከተማ ነው። ከዚያ በድልድይ ተሻግሮ አሥር ደቂቃ ያህል ተጉዞ የሚገኘው ሳንታ ሉቺያ ነው ደሴቱ። በርካሽ የተገኘ "የቬኔዚያ ሆቴል"ም ብዙ ጊዜ ሜስትሬ ነው፤ ክፉ አይደለም፣ አውቃችሁ ግቡበት እንጂ።

ደሴቱ ላይ ባለጎማ ሻንጣ ጠላት ይሆናል። ከ400 በላይ ድልድይ አለ፣ አብዛኛውም ደረጃ ነው። 25 ኪሎ ሻንጣ ይዞ አምስት ድልድይ መሻገር ማለት በእያንዳንዱ ላይ ተሸክሞ መውጣትና መውረድ ነው። ቫፖሬቶ የሚባለው የሕዝብ ጀልባ ለ75 ደቂቃ 9.50 ዩሮ ያስከፍላል፤ ሳትሳፈሩ ትኬቱን ማሽኑ ላይ አስነኩት። ቁጥር 1 በትልቁ ቦይ እያንዳንዱ ፌርማታ ላይ እየቆመ ይሄዳል፤ ለመዝናናት ግሩም፣ ለቸኮለ ሰው ግን ቁጥር 2 ይሻላል።

የቤት ቁጥርም እንደ ሌላው ከተማ በመንገድ አይቆጠርም። ከተማው በስድስት ሰፈር ተከፍሏል፣ ቁጥሩም ሰፈሩን ሁሉ እያዳረሰ ሺህ ውስጥ ይገባል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት በሮች በጣም የተራራቀ ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ሆቴል ስትይዙ ከአድራሻው ይልቅ "የቅርቡ ፌርማታ የትኛው ነው፣ ከዚያስ እስከ በራችሁ ስንት ድልድይ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።