ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ግቢውን እንፈትሽ

ጊዜ ያላችሁ ለአንድ ሥራ ብቻ ከሆነ የአይጥ መርዙን ልቀሙ። ኮርኒስ ላይ፣ ከፍሪጅ ጀርባ ወይም ዕቃ ቤት ውስጥ ማን መቼ እንዳስቀመጠው የተረሳ መርዝ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። ዘበኛውንም፣ የቤት ሠራተኛዋንም፣ ከተገኘ የቀድሞውን ተከራይም ጠይቁ።

ግራጫ ዱቄት ሆኖ ከምግብ ጋር የሚለወሰው ብዙውን ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሌላው ዓይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ነው፤ ይሄኛው አታላይ ነው። ውሻው በልቶት ከ3 እስከ 5 ቀን ደህና ይመስላል፣ ከዚያ ድዱ ይነጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ይደማል። በጊዜ ከተደረሰበት ቫይታሚን ኬ1 ያድነዋል፤ መድኃኒቱ ግን ለሳምንታት ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት። ሕክምናው እንደ መርዙ ዓይነት ስለሚለያይ ማሸጊያውን ይዛችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ። መርዝ የበላን ውሻ ወተት የመጋቱ ልማድም ይቅር፤ ዚንክ ፎስፋይድ ከሆነ ሆዱ የሚገባው ምግብ አሲዱን አብዝቶ ጋዙን ያፋጥነዋል። አይጥ ካስቸገረ ወጥመድ በቂ ነው፤ እሱንም ቢሆን የቡችላ አፍንጫ የማይደርስበት ቦታ አድርጉት።

ቀጥሎ በሩ። የቡችላ ጭንቅላት ባለፈበት ቀዳዳ ገላውም ያልፋል። ከውጭ በር ሥር ያለው ክፍተት ከ5 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ላሜራ አስበይዱበት ወይም የሲሚንቶ ደፍ አስነሱ። የላሜራው ጠርዝ ካልታጠፈ መዳፍ ይቆርጣል፤ በያጁን አሳጥፉት። ክፍተቱ የሚያሰጋው ቡችላው እንዳይወጣ ብቻ አይደለም። የመንገድ ውሻ አፉን አስገብቶ የሚነክሰውም በዚያው ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው። አጥሩ ቆርቆሮ ሆኖ ሥሩ አፈር ከሆነ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ የሽቦ ወንፊት ቅበሩ፤ ለቆፋሪ ውሻ ድንጋይ መደርደር ብዙም አያቆየውም። የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ሲረግጡት የሚናጋ ከሆነ ዛሬውኑ ይጠገን። መኪና ከመነሳቱ በፊት ሥሩን ማየት ደግሞ የሁሉም ሰው ልማድ ይሁን፤ ቡችላ ጥላ ይወዳል።

በአጥር የተተከለ ቅንጭብ ካለ ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ያቃጥላል፤ ቅርንጫፉ ወደ ውስጥ እንዳይንጠለጠል ከርክሙት። ጉሎ ግን መነቀል አለበት። ፍሬው በጥቂቱም ቢታኘክ ሊገድል ይችላል።

ቤት ውስጥ ዲቫይደሩን ከወለል አንሱ፣ በረኪናውን ከፍ አድርጉ፣ ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የትራስ ሥር አይደሩ። ከዚህ ይልቅ ሰው የሚዘነጋው ማዕዱን ነው። የወጥ ትራፊ ለውሻ መስጠት ነውር የለውም ይባላል፤ ወጣችን ግን ግማሹ ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ ቢቁላላም መርዝነቱ አይጠፋም። ለመመረዝ በኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ይበቃል፤ አምስት ኪሎ ለሚመዝን ቡችላ አንድ መካከለኛ ራስ ማለት ነው። ዘቢብም ኩላሊት ይጎዳል። ለድፎ የተቦካ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ማብጠቱን ይቀጥላል፣ አልኮልም ይሆንበታል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

ግቢው ውስጥ ከዚህ በፊት ተቅማጥና ትውከት ይዞት የሞተ ቡችላ ከነበረ ፓርቮ የሚባለው የቫይረስ በሽታ መሆኑን ጠርጥሩ። ቫይረሱ ጥላ ባለበት አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ሲሚንቶውን መጀመሪያ በሳሙና አጥባችሁ፣ አንድ ሊትር በረኪና በ30 ሊትር ውሃ በጥብጡና ለ10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ አድርጉ። በረኪና አፈር ላይ ብዙም ስለማይሠራ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ እዚያ አይውጣ። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው ላይ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ 16 ሳምንት እስኪሞላው ይቀጥላል።

በዓል ሲመጣ በግ በቤት ይታረዳል፣ ሳንባው ለውሻ ይጣላል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ካለ የሃይዳቲድ ትል ሊሆን ይችላል፤ ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ልጆች እጅ ይሄዳል፣ ሰው ላይ ደግሞ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያብጣል። ውሻው ራሱ ታሞ አይታይም። እንዲህ ያለውን አቃጥሉት ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት፤ ደህናውንም ቢሆን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳታፈሉ አትስጡ። ትሉን የሚገድለው ፕራዚኳንቴል በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ለሰው የሚሸጠው ባለ600 ሚሊ ግራም ፍሬ በግምት ተቆርሶ ለቡችላ አይሰጥም። ቡችላውን ታቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱና ቁጥሩን ለሐኪሙ ንገሩ።