ነጥብ ከመስጠቴ በፊት፦ የቪዲዮ ጌም ግምገማ እንዴት እንደምጽፍ

የቪዲዮ ጌም ግምገማ መጻፍ ስጀምር አስቀድሜ የወሰንኩት ነገር፣ ጌሙን ሸንሽኜ ለግራፊክሱ ይህን ያህል፣ ለድምፁ ይህን ያህል፣ ለታሪኩ ደግሞ ይህን ያህል እያልኩ ነጥብ ላለመስጠት ነበር። ይህ አሠራር በቆዩት የጌም መጽሔቶች ዘንድ የተለመደ ሲሆን ለአንባቢም ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ጥሩ ጌም የክፍሎቹ ድምር አይደለም። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ውስጥ የሠራው ቴትሪስ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታሪክ የሚባል ነገር የለውም፤ የተሠራበት ኤሌክትሮኒካ 60 ኮምፒውተር ግራፊክስ ማሳየት ስለማይችል በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ቅርጾቹ የተሳሉት በቅንፍ ምልክቶች ነበር። በዚያ የነጥብ አሰጣጥ ቢለካ የሚወድቅ ጌም ነው፤ ሆኖም ዛሬም ድረስ ሰው ይጫወተዋል። ስለዚህ «ጌሙ ምን ምን አለው?» የሚለውን ትቼ «ጌሙ ተጫዋቹን ምን ያሠራዋል?» የሚለውን ጥያቄ መነሻ አደረግኩ።

የማስታወሻዬ የመጀመሪያ ገጽ ሁልጊዜ ስለ እጅ ነው። አዲስ ጌም ስከፍት ታሪኩን ለጊዜው አቆይቼ፣ ጠላት በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ገጸ ባሕርዩን አስሮጣለሁ፣ አዘልላለሁ፣ በድንገት አስቆማለሁ፣ አዞራለሁ። ቁልፉን በመጫንና ለውጡን ስክሪን ላይ በማየት መካከል ያለውን መዘግየት እከታተላለሁ። በሰከንድ 60 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) የሚያሳይ ጌም ምስሉን በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ገደማ ሲቀይር፣ 30 ፍሬም የሚያሳየው ግን 33.3 ሚሊሰከንድ ይወስድበታል። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ኢምንት ይመስላል፤ ፈጣን ጌም ላይ ግን ዓይን ባያየው እንኳ ጣት ያውቀዋል። በአንጻሩ ተራ በተራ በሚጫወቱት የስልት ጌም ላይ ይህ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ ስላልሆነ፣ የፍሬም ቁጥርን በራሱ እንደ ማዕረግ የሚቆጥሩ ግምገማዎችን ቦታ አልሰጣቸውም።

ጣቴ የተሰማውን ነገር በቃላት መግለጽ ሲያቅተኝ ጨዋታዬን ቀርጬ በዝግታ መመልከትን ልማድ አደረግኩ። በ2018 የወጣውን ሴሌስትን በዚህ መንገድ ስመረምር፣ የዋናዋ ገጸ ባሕርይ የማደሊን እግር ከገደሉ ጫፍ አልፎ አየር ላይ ከሆነ በኋላ የዝላይ ቁልፉን ተጭኜ ጌሙ ግን ገና መሬት ላይ እንዳለች ቆጥሮ ሲያዘልላት አየሁ። ሠሪዎቹ ይፋ ባደረጉት ኮድ ላይ ይህ የምሕረት ጊዜ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። ደግሞም እግሯ መሬት ከመንካቱ በፊት ለጥቂት ቀድሞ የተጫኑትን ቁልፍ ጌሙ አይጥለውም፤ ይዞ ያቆይና እንዳረፈች ይፈጽመዋል። ተጫዋቹ ይህን ሁሉ አያይም፤ የሚሰማው እጁ የታዘዘለት መሆኑ ብቻ ነው። ሴሌስት እጅግ ከባድ ጌም ሆኖ ሳለ ሰው ደጋግሞ ሞቶ ደጋግሞ የሚነሳው፣ ጌሙ አጭበረበረኝ የሚያሰኝ ምክንያት ስለማያገኝ ነው። ይህን ካየሁ ጀምሮ «መቆጣጠሪያው ጥሩ ነው» የሚል ባዶ ዓረፍተ ነገር ከጽሑፌ አስወጥቼ፣ ጌሙ የተጫዋቹን ጥቃቅን መዘግየት እንዴት እንደሚያስተናግድ መጻፍ ያዝኩ።

ቀጥሎ የምመዘግበው ጌሙ እንዴት እንደሚያስተምር ነው። የእያንዳንዱን ሕግ የተረዳሁበትን ቦታና ማን እንደነገረኝ እጽፋለሁ፤ የነገረኝ በጽሑፍ የመጣ መመሪያ ነው ወይስ ቦታው ራሱ? ለዚህ በ1985 ከወጣው ከሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተሻለ ምሳሌ እስካሁን አላገኘሁም። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ጉምባ የምትባል ትንሽ ጠላት ከፊት ለፊት ትመጣለች፤ ዝም ብሎ የቆመ ይሞታል፣ የዘለለ ያልፋል ወይም ይጨፈልቃታል። የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ሲመታ እንጉዳይ ይወጣና ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከቧንቧው ጋር ይጋጭና ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። ተጫዋቹ ጠላት መስሎት ቢሸሽም እንኳ ነክቶት የማደጉ ዕድል ሰፊ ነው፤ ያን ጊዜ እንጉዳይ ወዳጅ መሆኑን ያውቃል። አንድም ቃል አልተነገረም። ከዚህ በኋላ ጨዋታውን በየደቂቃው እያስቆመ መልእክት የሚያስነብብ ጌም ሲገጥመኝ፣ ሠሪዎቹ በተጫዋቹ ላይ ያላቸው እምነት ማነሱን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

ዋናው ጉዳይ ግን ውሳኔ ነው፤ ጥሩ ጌምን ከመካከለኛው የሚለየው ይህ ይመስለኛል። በ1980 የወጣውን ፓክማን ብዙ ሰው እንደ ልጅ ጨዋታ ያየዋል፤ ቶሩ ኢዋታኒ የነደፋቸው አራት መናፍስት ግን በአንድ ዓይነት መንገድ አያሳድዱም። ቀዩ ፓክማን ያለበትን ቦታ ይከተላል። ሮዙ ፓክማን ፊቱን ካዞረበት አቅጣጫ አራት ካሬ ቀድሞ ያለውን ቦታ ያነጣጥራል፤ ስለዚህ ከፊት የሚመጣው እሱ ነው። ሰማያዊው መድረሻውን የሚያሰላው ከፓክማንም ከቀዩ መንፈስም አቀማመጥ ተነሥቶ ነው። ብርቱካናማው ሩቅ ሲሆን ያሳድድና ሲቀርብ ወደ ራሱ ጥግ ያፈገፍጋል። አራቱም እንደ ቀዩ ቢሆኑ ኖሮ ከኋላ ተሰልፈው ይከተሉ ነበር፤ ተጫዋቹም ከመሮጥ በቀር የሚያስበው አይኖርም ነበር። አሁን ግን በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ቢያንስ ሁለት አሳማኝ መንገዶች አሉ፣ ሁለቱም አደጋ አላቸው፣ ሲሸነፉም ለምን እንደተሸነፉ ማወቅ ይቻላል። እነዚህን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መፈተሽ የግምገማዬ እምብርት ሆነ። ካርታው ሰፊ፣ ምልክቱ ብዙ፣ ተልእኮው እንደ አሸዋ የበዛ ጌም ሁሉ ምርጫ አለው ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ውሳኔን በተለያየ ኮረብታ ላይ መድገም ነው።

በነገራችን ላይ ጥሩ ነገር ሁሉ ታቅዶ የሚመጣ አይደለም። በ1978ቱ ስፔስ ኢንቬደርስ ጠላቶቹ እያነሱ ሲሄዱ መፍጠናቸው የመጣው፣ የሚሳለው ምስል ሲቀንስ ማሽኑ ስለሚቀለው ነበር፤ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ይህን አላረመውም፤ የጌሙ ውጥረትም የተገኘው ከዚያ ነው። ስለዚህ ሠሪው ምን ሊል እንደፈለገ ከመገመት ይልቅ ጌሙ ምን እንደሚያደርግ መመልከትን እመርጣለሁ።

የጌምን ክብደት፣ ማለትም አስቸጋሪነቱን፣ በተመለከተ ያገኘሁት ትምህርት ከሁሉ ይበልጥ አሠራሬን ለወጠው። ሁለት ገምጋሚዎች አንድ ጌም ተጫውተናል ቢሉም አንድ ነገር ተጫውተዋል ማለት ላይሆን ይችላል። በ2005 የወጣው ሬዚደንት ኢቭል 4 ተጫዋቹ ሲቸገር ጠላቶቹን በስውር ያላላል፤ ሲበረታ ያጠነክራል። በ2020 የወጣው ሄዲስ ደግሞ ይህንኑ በግልጽ ያቀርባል፤ ጎድ ሞድ የሚባለውን ምርጫ ያበራ ተጫዋች ከሚደርስበት ጉዳት 20 በመቶው ይቀነስለታል፣ በሞተ ቁጥርም 2 በመቶ እየተጨመረ እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ በየግምገማዬ መግቢያ ላይ በየትኛው የክብደት ደረጃ እንደተጫወትኩ፣ እስከ የት እንደደረስኩ፣ በዚያ ዓይነት ጌም ላይ ምን ያህል ልምድ እንዳለኝ አሰፍራለሁ። የራሴን ልምድ ለማካካስ፣ ያንን ዓይነት ጌም የማይጫወት ሰው አስቀምጬ ዝም ብዬ አያለሁ። ዝም ማለቱ ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። ቁልፉ የት እንዳለ እያወቁ ሰው በሩ ላይ ሲንገላታ መመልከት ትዕግሥት ይፈታተናል፤ ሆኖም እኔ ሳላስተውለው ያለፍኩትን ግራ የሚያጋባ ነገር ሁሉ ያሳየኝ ይህ ዘዴ ነው።

ግምገማ የሚጻፍበት ሁኔታም ራሱ ፍርዱን ያጣምማል። አሳታሚዎች ጌሙን ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚ ይልኩና ጽሑፉ ይፋ የሚሆንበትን ሰዓት ይወስናሉ፤ ረጅም ጌም በጥቂት ቀናት ውስጥ በጥድፊያ ይጠናቀቃል፤ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር የሚጫወቱት ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ ገና ባዶ ነው። ሳይበርፐንክ 2077 ታኅሣሥ 10 ቀን 2020 ሲወጣ ገምጋሚዎች አስቀድመው ያገኙት የኮምፒውተሩን ቅጂ ብቻ ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ግምገማዎች ያወደሱት ጌምና የፕሌይስቴሽን 4 ባለቤቶች የገዙት ጌም እጅግ ተለያዩ። የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ ጌሙን ከሳምንት በኋላ ከመደብሩ አወጣው፤ የመለሰውም በ2021 ሰኔ ወር ነው። ከዚህ የወሰድኩት ቀላል ደንብ ነው፤ የተጫወትኩበትን ማሽን ስም በመጀመሪያው አንቀጽ እጽፋለሁ፣ ባልሞከርኩት ማሽን ላይ ስላለው ቅጂ ደግሞ ምንም አልልም።

ወደ ነጥቡ ስንመጣ፣ አንድ ቁጥር ብዙ ነገር ይሸከማል። የጃፓኑ ፋሚትሱ መጽሔት አራት ገምጋሚዎች እያንዳንዳቸው ከ10 እንዲሰጡ አድርጎ ከ40 ይደምራል፤ የመጀመሪያውን ሙሉ 40 ያገኘው በ1998 የወጣው የዜልዳው ኦካሪና ኦቭ ታይም ነው። ይህ አሠራር ቢያንስ አራት ሰዎች መለያየታቸውን ያሳያል። በ2001 የተጀመረው፣ ግምገማዎችን የሚሰበስበው ድረ ገጽ ሜታክሪቲክ ግን የሁሉንም መለኪያ ወደ 100 ቀይሮ አንድ አማካይ ያወጣል፤ ለየትኛው ጽሑፍ ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥም ይፋ አያደርግም። ከፎልአውት ኒው ቬጋስ ነዳፊዎች አንዱ የሆነው ክሪስ አቬሎን በ2012 እንደተናገረው፣ ሠሪዎቹ ጉርሻ የሚያገኙት ጌሙ በሜታክሪቲክ 85 ከደረሰ ነበር፤ ያገኘው ግን 84 ነው። አንዲት ነጥብ ለገምጋሚው የስሜት ጉዳይ ስትሆን ለሌላው እንጀራ መሆኗን ካወቅኩ በኋላ፣ ከ100 መስጠትን ፈጽሞ አልሞከርኩም። በ83 እና በ84 መካከል ያለውን ልዩነት አስረዳ ብባል የምለው የለኝም።

ነጥብን ጭራሽ የተዉም አሉ። ዩሮጌመር የተባለው የጌም ድረ ገጽ በ2015 ቁጥሩን አስወግዶ በ2023 በኮከብ መልክ መልሶታል። እኔ ጊዜ የሌለው አንባቢ አጭር መልስ የማግኘት መብት አለው ብዬ ስለማምን ከ5 እሰጣለሁ፤ ግን የምሰጠው ጽሑፉን ጨርሼና አሳድሬ ነው። በማግስቱ ጽሑፉን እንደ ባዕድ አንብቤ፣ ይህን የጻፈ ሰው ስንት ይሰጣል ብዬ እገምታለሁ። ግምቱ ካሰብኩት ቁጥር ጋር ካልተስማማ አንዱ ውሸት ስለሆነ፣ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ አላወጣውም።

የተጫዋቾችን አስተያየትም አነባለሁ፣ ቁጥሩን ግን በጥንቃቄ ነው የማየው። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ ተጫዋች የሚመርጠው እመክራለሁ ወይም አልመክርም ብቻ ነው፤ ስለዚህ መቶኛው የሚያሳየው የፍቅሩን መጠን ሳይሆን የተስማሙትን ብዛት ነው። ሁሉም ሰው «ይሁን፣ አይከፋም» የሚለው ጌም 95 በመቶ ሊያገኝ ይችላል፤ ግማሹ ከልብ የሚወደውና ግማሹ የሚጠላው ደግሞ 50 ላይ ይቀራል፤ ለእኔ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይበልጥ ያጓጓኛል። ጠቃሚ ሆነው ያገኘኋቸው ረጅም ሰዓት ተጫውተው «አልመክርም» ያሉ ሰዎች የጻፏቸው ናቸው፤ ጌሙ የት ላይ እንደሚሰለች በትክክል ይናገራሉ።

ጌሞች ከወጡ በኋላም ይለወጣሉ። ኖ ማንስ ስካይ በ2016 ሲወጣ ብዙዎችን አሳዝኖ፣ በተከታታይ ማሻሻያዎች ዛሬ ሌላ ጌም ሊባል የሚችል ሆኗል። የቆየ ግምገማዬን አልሰርዝም፤ የተጫወትኩትን ቅጂ ቀን እጽፍና አዲሱን ፍርድ ከሥሩ እጨምራለሁ።

እስካሁን በጣም የሚያስቸግረኝ፣ መጫወት ማለት ማወቅ ብቻ የሆነበት ጌም ነው። በ2018 የወጣው የሉካስ ፖፕ ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን ላይ ተጫዋቹ በአንድ መርከብ ላይ የነበሩ 60 ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ያጣራል፤ ጌሙም መልሱን የሚያረጋግጠው የሦስት ሰዎች ዕጣ በትክክል ሲሞላ ስለሆነ በግምት ማለፍ አያዋጣም። ይህን መግለጽ ማንንም አይጎዳም፤ የአንዱን ሰው ማንነት እንዴት እንደደረስኩበት መናገር ግን ያንን ደስታ ከአንባቢው መንጠቅ ነው። በ2019 የወጣው፣ ጠፈርን በመንኮራኩር የሚያስሱበት አውተር ዋይልድስ ይብሳል። ሁሉም ነገር በየ22 ደቂቃው ወደ መነሻው ይመለሳል፤ የሚጠነክር መሣሪያ የለም፤ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው የሚሻገረው ተጫዋቹ ያወቀው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ጌም ላይ ምሳሌዎቼን ከመጀመሪያው ሰዓት ብቻ እወስድና፣ ረቂቁን ጌሙን ላልተጫወተ ሰው ሰጥቼ መጨረሻውን እንዲገምት እጠይቀዋለሁ፤ የቀረበ ግምት ከሰጠኝ ፍንጭ የሰጠችውን ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አወጣታለሁ። የአውተር ዋይልድስ ግምገማዬ መንኮራኩሯ ከመነሣቷ በፊት ካለው ብዙም ስላልራቀ ከጻፍኳቸው ሁሉ አጭሩ ነው። ነጥቡ 5 ከ5 ነበር፤ ምክንያቱን ዘርዝር ያሉኝን አንባቢዎች ጨርሳችሁ ስትመለሱ እንነጋገራለን ብያቸዋለሁ።