ዱብሉቅ ላይ የጠጣሁት ውሃ

ያቤሎ አድረን ጠዋት የሞያሌን አስፋልት ይዘን ወረድን። ጓደኛዬ የውሃ ባለሙያ ነው። ቦረና በሄደ ቁጥር “ና አብረን እንሂድ” ይለኝ ነበር፤ ዘንድሮ ተሳካ።

ዱብሉቅ ስትደርሱ ኤላው ከሩቅ አይታይም። የሚታየው አቧራው ነው። ከብቱ በየመንጋው ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ኤላ ማለት ቦረናዎች በእጃቸው የቆፈሩት ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ነው። ትልልቆቹ ቱላ ይባላሉ፣ ዘጠኝ ናቸው፤ የዱብሉቁ አንዱ ነው። መግቢያው መሬቱን ሰንጥቆ ቁልቁል ይወርድና የከብቱ ገንዳ ጋ ያደርሳል። ከገንዳው በታች ጎረምሶች አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው ባልዲ ይቀባበላሉ። ሙሉው ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። ደግሞ ይዘፍናሉ። እንዲያው ለሞቅታ መስሎኝ ነበር፤ ልብ ብዬ ሳይ ግን እጃቸው የሚሄደው በዜማው ነው። አንዱ ዜማው ከጠፋበት ባልዲው ከታች ያለው ሰው አናት ላይ ነው።

ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ይባላል። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ እሱ ያውቃል፤ በበጋ ከብቱ ውሃ የሚያገኘው በሦስት ቀን አንዴ ነው። የእኛን ሰፈር የቦኖ ወረፋ አስታውሼ ቀናሁ።

ውሃው ግን ደፍርሷል። ሰዉም የሚጠጣው ከዚሁ ነው።

ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው ያዘሉ አንዲት እናት ቤታቸው ወሰዱን። ገና ሳንቀመጥ በኩባያ ውሃ ቀዱልኝ። ውሃው የነበረበት እቃ ከእፅዋት ሥር የተሠፋ፣ ጠብ የማያደርግ ጎርፋ ነው። የወተት እቃ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲጠፋ ከብታቸው አለቀ፤ አሁን ውሃ ይይዙበታል። ማጠኑን ግን አልተዉም። እንቢ ማለት ነውር ስለመሰለኝ ጠጣሁ። ወይራ ወይራ ይላል። የእናቴ ገንቦ ትዝ አለኝ።

ጓደኛዬ ውሃ አጋሩን፣ ውሃ የሚታከምበትን የክሎሪን መድኃኒት፣ አወጣ። ለ20 ሊትር ጀሪካን አንድ ክዳን፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፤ የደፈረሰ ከሆነ አስቀድሞ በጨርቅ ማጥለል። እናትየው በትዕግሥት ሰሙት። የልጆች ተቅማጥ ከውሃው እንደሚመጣ ማንም እንዲነግራቸው አይፈልጉም፣ ያውቁታል። ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱና ለአስተርጓሚው አንድ ነገር አሉት።

“ቤቱን ሆስፒታል ሆስፒታል ያሸትተዋል” ብሎ ተረጎመልን።

ጓደኛዬ የያዘው ቅጽ ላይ ያለው “ይጠቀማሉ” እና “አይጠቀሙም” ብቻ ነው። “ይሸታል” የሚል ሳጥን የለውም። ይህን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው የታጠነ ውሃ ጠጥቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ከብዙ ንግግር በኋላ መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። መድኃኒቱ ጀሪካኑ ውስጥ ይግባ፣ ግማሽ ሰዓቱን እዚያው ይቆይ፤ ለመጠጥ የሚሆነው ብቻ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ወደ ጎርፋው ይገልበጥ። ጓደኛዬ አሰበና ተስማማ። ሞከርነው። ሽታው ጨርሶ ባይጠፋም ወይራው ይበልጠዋል። እናትየው ቀምሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መስማማት ይሁን ትዝብት አልገባኝም።

የእኔ የመጀመሪያ ኩባያ ግን መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት የተቀዳ ነበር። ማታ ያቤሎ ላይ ሆዴ ሂሳቡን ጠየቀኝ።