የስኪነር ስለት

ዴልሂ የሄድኩት አጎቴን ለሕክምና ይዤ ነው። ከቆይታችን አብዛኛው ወረፋ ስለነበር ስለ ወረፋ አልጽፍም። ያረፍነው ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለች ፔንሲዮን ነበር፤ ጎረቤቶቻችን የሱዳንና የኢራቅ አስታማሚዎች ነበሩ። ወሩ ኅዳር፣ ለዴልሂዎች የሰርግ ወቅት ነውና አንዱን ሌሊት ከመስኮታችን ሥር የማርሽ ባንድ ሲነፋብን አደረ። ሙሽራው ነጭ ፈረስ ላይ ተሰይሟል፤ ግራና ቀኝ መብራት የተሸከሙ ልጆች፣ ከኋላ የሚያጓራ ጀነሬተር። እኔ ትራስ ጭንቅላቴ ላይ ደፍቼ ስራገም ጋሼ መጋረጃውን ገልጠው ፈረሱን ይመረምራሉ።

"የኋላ እግሩን ያነክሳል። ሰው ሲጭኑበት አያዩም እንዴ?"

ጋሼ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይጋልባሉ። በማግስቱ ለምርመራ ሲተኙ፣ "እዚህ አገር ፈረሰኛ የሚባል ነገር ካለ ሂድና አይተህ ንገረኝ" አሉኝ። ካሽሚሪ ጌት አካባቢ ስኪነር የሚባል የፈረሰኛ አዛዥ ያሠራው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ አንብቤ ስለነበር ወጣሁ።

ባለባጃጁ 600 ሩፒ አለኝ። ተከራክረን 400 ላይ ተስማማን፤ መሃል መንገድ ላይ መንገዱ ተዘጋግቷል ብሎ 500 አደረገው። የባሕር ዳር ባለባጃጅ ቢያንስ የሚዋሸኝ ሳልሳፈር ነው። ጭሱ ደግሞ ዓይን ያቃጥላል፤ ቀይ ምሽግ ነው ብሎ ያሳየኝን ነገር በጭጋጉ ውስጥ አላየሁትም፣ አየሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቢጫና ነጭ የተቀባ፣ ጉልላቱ ክብ፣ ግቢው ሰፊ ነው። በሩ ተቆልፏል። ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ የነበሩ ሽማግሌ ጠባቂ ቁልፍ ይዘው መጡ። ሳላስበው ጫማዬን አውልቄ ስገባ ሳቁ፤ እዚህ በጫማ ነው የሚገባው፣ ወለሉም ይበርዳል ብለው በእጃቸው አሳዩኝ። ጫማዬን ግን መልሼ አላጠለቅሁም፤ የአንግሊካን ቢሆንም ቤተ መቅደስ ቤተ መቅደስ ነው። ስኪነር የተቀበረው መሠዊያው ፊት ለፊት፣ እብነ በረድ ሥር ነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ጽሑፎች ደግሞ ሕንዶች በ1857 በእንግሊዝ ላይ ባነሱት አመፅ የተገደሉ እንግሊዞችን ያስታውሳሉ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ ቆጠራ የምጽፋቸው ስለሆነ አትደናገሩ።

ጄምስ ስኪነር በ1778 የተወለደ፣ አባቱ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሚባለው የእንግሊዝ ንግድ ድርጅት ስኮትላንዳዊ መኮንን፣ እናቱ የራጅፑት ሴት ነበሩ። ኩባንያው እናቱ ሕንዳዊት የሆነችን ልጅ መኮንን አላደርግም ብሎ ስለነበር ማራታ ወደሚባሉት የሕንድ ገዢዎች ጦር ገባ። በ1803 ማራታዎችና እንግሊዞች ሊዋጉ ሲሉ ደግሞ፣ የማራታው ጦር ፈረንሳዊ አዛዥ ፔሮን፣ አባትህ እንግሊዝ ነው ብሎ አባረረው። አንዱ በእናቱ፣ ሌላው በአባቱ። ከዚያ በኋላ ነው እንግሊዞቹ ያው ሰው ሲያስፈልጋቸው የተቀበሉት፤ ያቋቋመው የፈረሰኛ ሬጅመንትም ልደቱን ከዚያ ዓመት፣ ከዴልሂ ሰሜን ምዕራብ ካለችው ሐንሲ ይቆጥራል። ረዥም ቢጫ ካባ ስለሚለብሱ ቢጫ ለባሾች ይሏቸው ነበር። ፈረሰኛው ፈረሱንና መሣሪያውን ራሱ ይዞ ይመጣል፣ ደመወዙም ያንን ታሳቢ ያደረገ ነው። ፈረሱ ከሞተ ሥራውም አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ፣ "እንዲህ ያለ ሰው ፈረሱን አያስርበውም" አሉ።

ጠባቂው ሻይ አፍልተው፣ ወተትና ዝንጅብል በዝቶበት፣ በብርጭቆ ሰጡኝ። ቡና ናፍቆኝ ስለነበር መጀመሪያ ቅር አለኝ፤ ሁለተኛውን ብርጭቆ ግን ራሴ ጠየቅሁ። ስወጣ 200 ሩፒ ሰጠኋቸው፣ አይሆንም ሳይሉ ኪሳቸው ከተቱት። ወደድኳቸው።

ለእኔ ግን ነገሩ ከዚያ በኋላ ነው የቀረበኝ። የሕንድ ፈረሰኛ ከመቅደላ ዘመቻ ጀምሮ አገራችንን ያውቃታል፤ የስኪነር ሬጅመንት ግን የመጣው በ1941 ነው፣ ያውም ፈረሱን ትቶ በመኪና። ከከሰላ ተነስቶ ወደ ኤርትራ በገባው ጋዜል በሚባለው የእንግሊዝ ተንቀሳቃሽ ኃይል ውስጥ ነበር። በእኛ ቆጠራ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ፣ በማግስቱ ኬሩ አጠገብ ጣሊያናዊው መኮንን አሜዴዮ ጊሌ ከነጦሩ በፈረስ እየጋለበ የጋዜልን ኃይል አጠቃ። ሰይፍና የእጅ ቦምብ ይዘው ከመድፍ አፍ ፊት። የጊሌ ጦር ስሙ የአማራ ፈረሰኛ ባንዳ ነው፤ ብዙዎቹ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ፈረስ የነበራቸው ሕንዶች በመኪና፣ የእኛዎቹ በፈረስ፤ አንዱ ለለንደን፣ ሌላው ለሮም። ስኪነሮች ከዚያ በአቆርዳት፣ በከረንና በአምባላጌ አድርገው ሄዱ፤ ስሞቹ በሬጅመንቱ የክብር መዝገብ ላይ አሉ። ዛሬ የሕንድ የታንክ ሬጅመንት ነው።

ጊሌ ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ዲፕሎማት ሆኖ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጣሊያን አምባሳደር ሆኖ እዚሁ ዴልሂ ተቀመጠ። 101 ዓመት ኖሮ በ2010 ሞተ፤ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል። ከኋላው የጋለቡትን የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው። ይህ አበሳጨኝ፣ እስከ ሆስፒታሉ ድረስ በሜትሮ ቆሜ ስሄድም አልለቀቀኝም።

ማታ ለጋሼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ኬሩ ዝም ብለው ሰሙ፤ "ፈረሱን አሳዘኑት" አሉ እንጂ ስለ ጊሌ አልጠየቁኝም። የያዛቸው የቤተ ክርስቲያኑ አሠራር ነው። ስኪነር ገና ለማራታዎች ሲዋጋ፣ በ1800 ኡኒያራ ላይ ቆስሎ ሜዳ ላይ ወድቆ ያድራል፤ ከዳንኩ ቤተ ክርስቲያን አሠራለሁ ብሎ ይሳላል። ከዝቅተኛ ወገን የምትቆጠር አንዲት ሴት በቅርጫት ዳቦ፣ በእንስራ ውሃ ይዛ መጥታ ቁስለኞቹን አበላች፣ አጠጣች። ሲድን እናቴ ናት ብሎ 1000 ሩፒ ላከላት።

"ቤተ ክርስቲያኑስ መቼ አለቀ?"

"ግንባታው በ1826 ተጀመረ፣ ተመርቆ የተከፈተው በ1836 ነው።"

በጣታቸው ቆጠሩ። "ሠላሳ ስድስት ዓመት ስለት ተሸክሞ ኖረ? ቁልቢ ገብርኤል ቢሆን ዝም የሚለው ይመስልሃል?"

"ጋሼ፣ ጦርነት ላይ ነበር እኮ።"

"ለሴትዮዋ ግን ቀድሞ ልኳል አይደል?"

"ልኳል።"

"እንግዲያስ ያዕቆብ ይጠብቅ" አሉና ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ደም እንደሚወስዱባቸው ጠየቁኝ።